ከመቆም በፊት መውረድ፦ ባር ላይ ሃንድስታንድ ለመማር የሚረዱ ልምምዶች

 

ሰሞኑን ኢንቦክስ ላይ አንድ ዓይነት ጥያቄ እየተደጋገመ መጥቷል። "ዶክተር፣ ጂም ውስጥ ባር ላይ ሃንድስታንድ መሥራት ጀምሬያለሁ፣ የእጄን አንጓ ያመኛል፣ ልቀጥል ወይስ ላቁም?" የሚል ነው። አንዳንዶቻችሁ ቪዲዮም ልካችሁልኛል። ቪዲዮዎቹን ሳይ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ሁሉም እንዴት እንደሚወጣ ያውቃል፣ እንዴት እንደሚወርድ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ይህን የምለው ልተቻችሁ ፈልጌ አይደለም። እኔም እዚያው ጋ ነበርኩ፣ ዋጋም ከፍዬበታለሁ። የዛሬው ረዘም ያለ ትምህርት ስለሆነ ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ተመርቄ ሥራ እንደጀመርኩ፣ በአዳር ተረኝነት ብዛት ሰውነቴ ሲከብደኝ ሰፈራችን ያለ አንድ ጂም ገባሁ። ጥግ ላይ ደረት የሚደርስ ፓራሌል ባር አለ። አንድ ልጅ እላዩ ላይ በእጁ ሲቆም አየሁት፤ ሲያዩት ቀላል ነው። እኔ ደግሞ ፑሽ አፕ 40 እሠራለሁ፣ ዲፕስ 15 እሠራለሁ። "ምን ያቅተኛል?" አልኩ። ተወዛውዤ ወጣሁ። አንድ ሰከንድ ያህል የቆምኩ መሰለኝ። ከዚያ እግሬ ወደ ማዶ አለፈ፣ ባሩን ለቀቅኩት፣ ቀኝ እጄን ዘርግቼ ሴራሚክ ላይ አረፍኩ።

ማታውኑ ራጅ ተነሳሁ፤ ራጁ ደህና ነው። "ወለምታ ነው" ብዬ በፋሻ ጠቅልዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። የሚያሳፍረኝ ይሄ ነው፤ ነገሩን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበታለሁም። አንድ ወጣት በተዘረጋ እጁ ላይ ወድቆ፣ በአውራ ጣቱ ሥር ያለችው ጉድጓድ ስትነካ ካመመችው፣ የመጀመሪያው ራጅ ደህና ቢሆንም እጁ ታስሮ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ራጁ ይደገማል። ለታካሚ ቢሆን አደርገው ነበር። ለራሴ አላደረግኩትም። ሦስት ሳምንት ቆይቶ ጓንት ለማጥለቅ ስስብ እጄን ወጋኝ፤ ወደ ራጅ ክፍል የተመለስኩት ያኔ ነው። ስካፎይድ የምትባለው አጥንት ተሰንጥቃ ነበር። 10 ሳምንት በጄሶ ቆየሁ።

ጄሶው ወጥቶ ፊዚዮቴራፒ ከጨረስኩ በኋላ አንድ አሰልጣኝ አገኘሁ። ሰርከስ ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ በእጃቸው መቆም የሚችሉ ብዙ ልጆች በሀገራችን አድገዋል፤ እሱም በልጅነቱ ሰርከስ የሠራ ነው። ታሪኬን ከሰማ በኋላ፣

"ዶክተር፣ ስንት ጊዜ ወድቀህ ታውቃለህ?" አለኝ።

"አንዴ።"

"ለዚያ ነው የተሰበርከው። መቶ ጊዜ ወድቀህ ቢሆን ኖሮ አትሰበርም ነበር።"

ከዚያ ሁለት ሳምንት ሙሉ አንዴም በእጄ አላቆመኝም። መውረድ ብቻ ነው ያስተማረኝ። የዛሬው ትምህርትም የተሠራው በዚህ ሐሳብ ላይ ነው፦ መውረጃውን የማታውቁት ቦታ ላይ አትውጡ።

ባር ላይ መቆም ከመሬት በምን ይለያል?

ፓራሌል ባር ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት ዘንጎች ናቸው። በ1896 አቴንስ ከተደረገው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ጀምሮ የውድድር መሣሪያ ነው። የውድድሩ ባር 3 ሜትር ከ50 ርዝመት፣ ከወለሉ ደግሞ 2 ሜትር ከፍታ አለው። ለልምምድ የምንጠቀምበት ትንሹ ወንድሙ ፓራሌት ይባላል፤ ከመሬት ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ የሚል፣ ሁለት አጫጭር መያዣ ነው።

ባር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። መሬት ላይ በእጃችን ስንቆም አንጓችን ወደ ኋላ 90 ዲግሪ ያህል ይታጠፋል፣ የሰውነታችን ክብደት በሙሉ በታጠፈው አንጓ ላይ ያርፋል። ባር ስንይዝ ግን አንጓው ከክንዱ ጋር ቀጥ ይላል። መሬት ላይ የሚያማቸው ብዙ ሰዎች ፓራሌት ላይ የሚቀላቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳትም አለው። መሬት ላይ ጣቶቻችን ተዘርግተው እንደ እግር ጣት መሬቱን ይጫናሉ፣ ሰፊ መቆሚያ አለን። ባር ላይ ያለን የጨበጥነው ቀጭን ዘንግ ብቻ ነው። ሚዛን ሲጠፋ ደግሞ እግር የሚያርፍበት ቅርብ መሬት የለም። ከፍ ያለ ባር ላይ የተገለበጠ ሰው ጭንቅላቱ ከሰው ቁመት በላይ ሆኖ ወደ ታች ነው የሚያየው። እዚያ ላይ ስህተት ከተሠራ የሚጎዳው አንጓ ብቻ አይደለም፣ አንገትም ነው።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መሬት፣ ከዚያ ፓራሌት፣ ከዚያ ዝቅ ያለ ባር ከነፍራሹ፣ በመጨረሻ ከፍ ያለ ባር ከአሰልጣኝ ጋር።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ማማከር ያለባችሁ

ስንገለበጥ በጭንቅላታችንና በዓይናችን ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምራል። ለጤነኛ ወጣት ለጥቂት ሰከንዶች ይህ ችግር የለውም። ከሚከተሉት አንዱ ካለባችሁ ግን መጀመሪያ ሐኪማችሁን አነጋግሩ፦

👉 በመድኃኒት ያልተስተካከለ የደም ግፊት
👉 ግላኮማ ወይም የዓይን ሬቲና ችግር
👉 የአንገት ዲስክ፣ ወይም ወደ ክንድ የሚወርድ የመደንዘዝ ስሜት
👉 ማዞር ወይም ራስን የመሳት ልማድ
👉 የአጥንት መሳሳት
👉 በቅርብ ወራት የተሰበረ እጅ፣ ወይም ከቦታው ወጥቶ የሚያውቅ ትከሻ
👉 እርግዝና

ምሳ በልቶ ወዲያው መገልበጥም አይመከርም። ሁለት ሰዓት ያህል ቆዩ፤ አለበለዚያ የጨጓራ አሲድ ወደ ላይ ይመጣባችኋል።

ዕቃና ቦታ

ፓራሌት በብየዳ ቤት ወይም በእንጨት ቤት ማሠራት ይቻላል። ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ መያዣው 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ይኑረው፤ በጣም ከወፈረ ጣት አይዞረውም። ሁለተኛ፣ እግሩ ሰፊ ይሁን፣ ከሥሩም ጎማ ይኑረው። በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ስትገፉት ብድግ ካለ አትውጡበት። ሦስተኛ፣ ሁለቱን በትከሻችሁ ስፋት አስቀምጧቸው።

ቦታው በአራቱም አቅጣጫ አንድ ሰው ተኝቶ የሚዘረጋበት ያህል ባዶ ይሁን። ጠረጴዛ፣ ቴሌቪዥን፣ የብርጭቆ መደርደሪያ አጠገብ አይሆንም። ሴራሚክ ላይ ከሆነ ፍራሽ ወይም የጂም ማት አንጥፉ፤ ፓራሌቱ ራሱ ግን ጠንካራ ወለል ላይ ይቀመጥ፣ ስፖንጅ ላይ ይወዛወዛል። ካልሲ አውልቁ፣ ላብ ያለውን እጅ በፎጣ አድርቁ።

አሁን ወደ ልምምዱ እንግባ። እያንዳንዱ ደረጃ "ማለፊያ" አለው። ማለፊያውን ሳትሞሉ ወደሚቀጥለው አትሂዱ።

ደረጃ 1፦ ትከሻና አንጓን መፈተሽ

ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ መሬት ላይ ተቀመጡ። ወገባችሁ ከግድግዳው ሳይርቅ፣ ክርናችሁ ሳይታጠፍ፣ ሁለት እጃችሁን ወደ ላይ አንሡ። አውራ ጣታችሁ ግድግዳውን ነካ? ካልነካ፣ ወይም ለመንካት ወገባችሁን ወደ ፊት ማጉበጥ ካስፈለጋችሁ፣ ትከሻችሁ ገና አልተፈታም። እንዲህ ያለ ትከሻ ይዞ የሚገለበጥ ሰው የጎደለውን የሚሞላው በወገቡ ነው፤ እንደ ሙዝ ይጎብጣል። የጀርባ ሕመሙ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ለትከሻ፦ ተንበርክካችሁ እጃችሁን ወንበር ላይ ዘርግታችሁ ደረታችሁን ወደ መሬት ዝቅ አድርጉ። 30 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ።

ለአንጓ፦ በአራት እግር ሆናችሁ መዳፋችሁን መሬት ላይ አሳርፉ። ክብደታችሁን ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ቀኝ ቀስ ብላችሁ 10 ጊዜ አወዛውዙ። ከዚያ መዳፋችሁ ሳይነሣ ጣቶቻችሁን ብቻ መሬት ላይ 10 ጊዜ ጫኑ። ይህ በየቀኑ ቢሠራ ችግር የለውም።

ማለፊያ፦ አውራ ጣት ግድግዳውን ይነካል፣ በአራት እግር ስትወዛወዙም አንጓ ላይ ሕመም የለም።

ደረጃ 2፦ ቀጥ ያለ እጅና አንድ ወጥ ሰውነት

ሀ) ባር ላይ መደገፍ። ፓራሌት ወይም ዝቅ ያለ ባር ይዛችሁ፣ ክርናችሁን ቆልፋችሁ፣ እግራችሁን ከመሬት አንሡ። ትከሻችሁ ወደ ጆሮ አይውጣ፣ ወደ ታች ግፉት። 20 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ። አውራ ጣት ባሩን በሌላ በኩል ይዙርበት፤ ከአራቱ ጣቶች ጋር ደርድሮ መያዝ አይሆንም፣ ይንሸራተታል።

ለ) የጀልባ ቅርጽ። በጀርባችሁ ተኙ፣ ወገባችሁን ከመሬት ጋር አጣብቁ፣ ከዚያ ትከሻችሁንና ቀጥ ያለ እግራችሁን ትንሽ ከፍ አድርጉ፣ እጃችሁን ከጆሯችሁ ጎን ዘርጉ። 20 ሰከንድ፣ 3 ጊዜ። በእጃችሁ ስትቆሙ ሰውነታችሁ የሚይዘው ቅርጽ ይህን ይቀርባል።

ሐ) ትከሻ መግፋት። እግራችሁን ወንበር ላይ፣ እጃችሁን ፓራሌት ላይ አድርጋችሁ መቀመጫችሁን ወደ ላይ አንሡ፤ ሰውነታችሁ የተገለበጠ "ቪ" ይመስላል። ክርን ሳይታጠፍ በትከሻችሁ ብቻ መሬቱን ከራሳችሁ ግፉት፣ ከዚያ መልሱት። 8 ጊዜ፣ 3 ዙር።

ልብ በሉ፤ በ"ሀ" ላይ ትከሻ ከጆሮ ይርቃል፣ በ"ሐ" ላይ ግን ወደ ጆሮ ይጠጋል። እጅ ወደ ላይ ሲዘረጋ ከጀርባችን በኩል ያለው ሰፊው የትከሻ አጥንት አብሮ ዞሮ መውጣት አለበት። ያን ካላደረገ በትከሻ መገጣጠሚያ ላይ ያሉት ጅማቶች በሁለት አጥንት መሃል ይጨመቃሉ። "ሃንድስታንድ ስሠራ ትከሻዬን ከፊት ለፊት ያመኛል" የምትሉኝ ብዙዎቻችሁ የጎደላችሁ ይህቺ ግፊት ልትሆን ትችላለች።

ማለፊያ፦ ሦስቱንም ያለ ሕመም፣ ሳትንቀጠቀጡ።

ደረጃ 3፦ ፊትን ወደ ግድግዳ አድርጎ መቆም

ብዙ ሰው የሚጀምረው ጀርባውን ወደ ግድግዳ ሰጥቶ እግሩን በመወርወር ነው። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። መሬት ላይ በእጃችሁ ተደግፋችሁ እግራችሁን በግድግዳው ወደ ላይ አራምዱ፣ እጃችሁንም ወደ ግድግዳው አስጠጉ። ሆዳችሁ ግድግዳውን ያያል። እንዲህ ሲሆን ወገብ ለመጉበጥ ቦታ አያገኝም።

በ15 ሰከንድ ጀምሩ። ዓይናችሁ በሁለት እጃችሁ መሃል ያለውን ወለል ይይ፣ አንገታችሁን ግን ቀና አታድርጉ። ትንፋሽ አትያዙ፤ ትንፋሽ መያዝ በራስ ውስጥ ያለውን ግፊት የበለጠ ይጨምራል። ጮክ ብላችሁ መቁጠር ጥሩ ዘዴ ነው፣ እየቆጠረ ትንፋሹን የሚይዝ ሰው የለምና።

ዋናው ሕግ፦ ኃይላችሁ ሳያልቅ ውረዱ። ወደ ታች ለመራመድም ጉልበት ያስፈልጋል። 30 ሰከንድ የሚችል ሰው 20 ላይ ይውረድ።

ማለፊያ፦ 40 ሰከንድ ቆሞ፣ በእግሩ ግድግዳውን እየረገጠ በሰላም መውረድ።

ደረጃ 4፦ መውረድ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው እንደኔ ጄሶ ቤት ይገባል። እባካችሁ አትዝለሉት።

ሚዛን ወደ መጣንበት አቅጣጫ ሲጠፋ ችግር የለም፤ እግራችን ወደ ተነሣበት ተመልሶ ያርፋል። አደገኛው እግር ወደ ማዶ ሲያልፍ ነው። ያኔ ጀርባችን ወይም አንገታችን ላይ እንዳንወርድ ወደ ጎን ዞረን እንወርዳለን።

መጀመሪያ መሬት ላይ ተማሩት፦

1. እጃችሁን መሬት ላይ አድርጋችሁ፣ እግራችሁን በግማሽ ብቻ ወርውሩ፤ ሙሉ በሙሉ አትቁሙ።
2. ክብደታችሁን ወደ ቀኝ እጃችሁ አሳልፉ።
3. ግራ እጃችሁን አንሥታችሁ አንድ እርምጃ ወደ ፊት አስቀምጡ። ሰውነታችሁ በቀኝ እጃችሁ ዙሪያ ይዞራል።
4. እግራችሁን አንድ በአንድ ጎናችሁ ላይ አሳርፉ፣ ጉልበታችሁን ላላ አድርጉ።

በየልምምዱ በቀኝ 10፣ በግራ 10። ከጥቂት ቀን በኋላ እግራችሁን ትንሽ ከፍ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ቀጥ አድርጋችሁ ድገሙት። ከዚያ ፓራሌት ላይ፦ አንዱ እጅ መያዣውን እንደጨበጠ ይቆያል፣ ሌላው ለቆ ፊት ለፊት መሬት ላይ ያርፋል፣ እግር ይከተላል። የጨበጠው እጅ የሚለቀው እግር መሬት ሲነካ ነው።

የኔ ስህተት ሁለቱን እጄን አንድ ላይ መልቀቄ ነበር። በድንጋጤ ጊዜ እጅ ያልተማረውን አያደርግም። ለዚህ ነው መቶ ጊዜ የሚደጋገመው፤ ሰውነት ሳይጠየቅ ራሱ እንዲያደርገው።

ማለፊያ፦ አሰልጣኛችሁ ወይም ጓደኛችሁ ሳትጠብቁት "ውረድ!" ሲል በሁለቱም በኩል ያለ ድምፅ ማረፍ።

ደረጃ 5፦ ፓራሌት በግድግዳ አጠገብ

ፓራሌቶቹን ከግድግዳው ሁለት ስንዝር ያህል አርቃችሁ ትይዩ አድርጋችሁ አስቀምጡ። አሁን ጀርባችሁ ወደ ግድግዳው ሆኖ፣ አንዱን እግር ወርውራችሁ ውጡ፣ ተረከዛችሁ ግድግዳውን ይንካ። ከዚያ ተረከዛችሁን ለአንድ ሁለት ሰከንድ ብቻ ከግድግዳው አላቅቁ፣ መልሱት። 5 ጊዜ፣ 4 ዙር።

እዚህ ጋ ነው የባር ሚዛን የሚገኘው። እግር ወደ ማዶ ሲያልፍባችሁ፣ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት በኩል ባሩን ወደ ታች ጫኑት። እግር ወደ መጣበት ሲመለስባችሁ ደግሞ ክብደቱን ወደ ትንሿ ጣት በኩል ስጡት። ባሩን አጥብቃችሁ ጨብጡ፣ እንደ ተንጠለጠለ ቦርሳ አትያዙት። ክርን እንደተቆለፈ ይቆይ።

ጓደኛ የሚደግፋችሁ ከሆነ በጎን ቆሞ ዳሌያችሁን ወይም ጭናችሁን ይያዝ። ፊት ለፊት ከቆመ በእግራችሁ ትመቱታላችሁ።

ማለፊያ፦ ተረከዝ ከግድግዳ ተላቆ 5 ሰከንድ፣ በ3 የተለያዩ ቀናት።

ደረጃ 6፦ ነጻ መቆም፣ ከዚያ ወደ ባር

ፓራሌቱን ከግድግዳ አርቁት። በአንድ ልምምድ ከ10 እስከ 15 ሙከራ ይበቃል። እያንዳንዱን ሙከራ የምትጨርሱት በደረጃ 4 በተማራችሁት መንገድ በመውረድ ነው፤ ደህና ቆማችሁም ቢሆን። ሲደክማችሁ ቅርጹ ይበላሻል፣ የመጨረሻዋ "አንዴ ብቻ ልሞክር" የምትለዋ ናት ሰው የምትሰብረው።

ፓራሌት ላይ 15 ሰከንድ በተደጋጋሚ መቆም ስትችሉ፣ ዝቅ ያለ ባር ላይ፣ ከሥሩና ከጎኑ ወፍራም ፍራሽ ተነጥፎ፣ ደጋፊ ባለበት ጀምሩ። ከፍ ያለ ባር ላይ በመወዛወዝ መውጣት ሌላ ትምህርት ነው። ፍጥነት አለው፣ ጊዜውን ማወቅ ይጠይቃል። እሱን ከቪዲዮ አትማሩ፤ ጂምናስቲክ ወይም ሰርከስ ከሠራ አሰልጣኝ ጋር ብቻ።

በሳምንት ስንት ጊዜ?

በሳምንት 3 ቀን፣ በየመሃሉ አንድ ቀን እረፍት እያደረጋችሁ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ችግሩ የሚፈጠረው ጡንቻችን "እችላለሁ" ሲል ጅማታችን ገና ሳይደርስ ስለምንሄድ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ነው። እኔ ደረጃ 6 ለመድረስ 7 ወር ፈጅቶብኛል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ከተባለ፣ እኛ በእጃችን ለመቆም ጥቂት ወር መታገስ አያቅተንም 😊

የትኛው ሕመም ያስቆማል?

የጡንቻ መዛል፣ በማግስቱ የሚሰማ የመጎተት ስሜት፣ በሁለት ሦስት ቀን የሚጠፋ ከሆነ የተለመደ ነው። የሚከተሉት ግን ያስቆማሉ፦

🔴 በአንድ ነጥብ ላይ የሚወጋ የአንጓ ሕመም። አውራ ጣታችሁን ወደ ላይ ስትዘረጉ በአንጓው ጎን ትንሽ ጉድጓድ ትፈጠራለች። ከወደቃችሁ በኋላ እሷን ስትጫኑ የሚያማችሁ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ስካፎይድ ሊሆን ይችላል። ይህች አጥንት ደም የሚደርሳት በአንድ በኩል አልፎ ስለሆነ፣ ስብራቷ ካልታከመ ላይገጥም፣ አልፎም አንዱ ክፍሏ ሊሞት ይችላል። የመጀመሪያው ራጅ ደህና ነው ተብላችሁ ሕመሙ ካልቀረ፣ "ይደገምልኝ" ማለት መብታችሁ ነው።

🔴 ትከሻ ላይ በሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም፣ ወይም እጅ ማንሣት አለመቻል።

🔴 መደንዘዝ፣ እጅ ላይ ኃይል ማጣት።

🔴 ስትገለበጡ የዓይን ብዥታ ወይም ከባድ ራስ ምታት።

ከወደቁ በኋላ የመጀመሪያ እርዳታ፦ እጁን አታንቀሳቅሱ፣ በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለ15 ደቂቃ ያዙበት፣ ቀለበትና ሰዓት ቶሎ አውልቁ (በኋላ ሲያብጥ አይወጣም)፣ እጁን ከልብ ከፍ አድርጉ፣ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

በጭንቅላቱ ወይም በአንገቱ የወደቀ ሰው አንገቴን ካለ፣ እጅ እግሩ ከደነዘዘ፣ ራሱን ከሳተ ወይም ካስታወከ አታንሡት፣ አታስቀምጡት፣ ውኃ አትስጡት። አንገቱን ባለበት አጽንታችሁ ይዛችሁ አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። ካስታወከ ትንፋሹ እንዳይዘጋ ጭንቅላቱና ሰውነቱ እኩል እየዞሩ፣ በብዙ ሰው እጅ፣ በአንድ ላይ ወደ ጎን ይዙር።

ስለ ወጌሻም ላንሣ፤ መጠየቃችሁ አይቀርምና። ወጌሻን ለማጣጣል አይደለም፣ አያቶቻችን የታከሙበት ነው። ነገር ግን ያበጠና ያልታየ አንጓ መታሸት የተሰነጠቀውን አጥንት ያንቀሳቅሰዋል። ከዚህ የባሰው በሸምበቆ ወይም በእንጨት አጥብቆ ማሠር ነው። እጅ እያበጠ ማሠሪያው ካልላላ የደም ዝውውር ይቋረጣል፤ በዚህ ምክንያት እጃቸውን ያጡ ወጣቶችና ሕፃናት አሉ። ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከጠቆሩ፣ ከደነዘዙ ወይም ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ያሠረው ማንም ይሁን ማን ወዲያው ይፈታ፣ ወደ ሆስፒታልም ይኬድ። ሐኪም ያደረገው ጄሶ ከሆነም ሳትዘገዩ ተመለሱ።

ልጆች ላላችሁ

ልጆቻችሁ ጂምናስቲክ ወይም ሰርከስ የሚሠሩ ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ለአጥንትም ለልብም ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን እወቁ። በእድገት ላይ ያለ ልጅ አንጓው አጠገብ አጥንቱ የሚያድግበት ለስላሳ ክፍል አለ። በእጅ ላይ ብዙ ክብደት ደጋግሞ ሲያርፍ ይህ ክፍል ይጎዳል፤ በተለይ ከ10 እስከ 14 ዓመት ባሉት ላይ ይታያል። ልጁ ሳይወድቅም፣ ሳያብጥም "አንጓዬን" ካለና ሕመሙ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ፣ በእጅ መቆሙን አቁሞ ይታይ። ብዙውን ጊዜ እረፍት ብቻውን ያድነዋል። "ሰነፍክ" ተብሎ ከቀጠለ ግን የአጥንቱ እድገት ሊዛባ ይችላል። አሰልጣኞችም ይህን ብታውቁልን ደስ ይለናል።

ለማጠቃለል

መጀመሪያ ትከሻችሁን ፍቱ። ሰውነታችሁን አንድ ወጥ አድርጉ። ግድግዳ ላይ ቁሙ። ከዚያ መውረድን ልመዱ፣ እሱን ከለመዳችሁ በኋላ ብቻ ከግድግዳ ተላቀቁ። የሚያም አንጓን ደግሞ በፋሻ ሸፍናችሁ አትለፉት።

ባለፈው ወር ያው ጂም ውስጥ፣ ያው ባር ላይ ወጣሁ፤ አሁን ከሥሩ ፍራሽ ተነጥፏል። 8 ሰከንድ ቆምኩ፣ ከዚያ እግሬ ልክ እንደዚያን ቀን ወደ ማዶ አለፈ። ግራ እጄ ለቀቀ፣ ቀኝ እጄ ጨብጦ ቆየ፣ ዞሬ በእግሬ አረፍኩ። አሰልጣኜ ስለ 8ቱ ሰከንድ ምንም አላለኝም። "አየህ፣ አሁን ተማርክ" ያለኝ ስለ አወራረዴ ነው።

ይህን ጽሑፍ ጂም አብራችሁ ለምትሠሩት ጓደኛችሁ አድርሱለት፤ በተለይ ቪዲዮ አይቶ ነገ ባሩ ላይ ሊወጣ ላሰበው። የትኛው ደረጃ ላይ እንዳላችሁና የት ጋ እንደተቸገራችሁ ጻፉልኝ፣ በተመቸኝ ሰዓት እመልሳለሁ።